ዝቅ ብለን የተቀመጥንባቸው ቤቶች

ጡረታ በወጣሁ ቀን ነጭ ጋዋኔን አጥቤ፣ ተኩሼና አጣጥፌ ለግምጃ ቤት አስረከብኩ። የግምጃ ቤቱ ሰውዬ፣ "እትዬ ብርቄ፣ አሮጌ ነው እኮ፤ ለማስታወሻ ይያዙት" አለኝ። አልያዝኩም። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ባየው አርፌ እንደማልቀመጥ አውቃለሁ። ባልይዘውም ግን አርፌ አልተቀመጥኩም።

ፍኖተ ሰላም ያለው ቤቴ ከመንገድ ዳር ነው። ሚኒባስ ጥሩንባ ባሰማ ቁጥር ከተቀመጥኩበት እነሣለሁ። ወደ ቡሬ የሚወስደን መኪና የሚጠራን እንዲያ ነበርና ጆሮዬ ገና አልተሰናበተም። ልጄ ሰላም፣ "እማ፣ አንቺን የማይጠራ መኪና የለም ማለት ነው?" ትለኛለች። እቀመጣለሁ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ የበሩን መቀርቀሪያ፣ የምድጃውን እሳት፣ የባልዲውን ክዳን አይቼ እመለሳለሁ። ተፈጥሮዬ ነው። ልጆቼ ሕፃናት ሳሉ ተኝተው ሲተነፍሱ እንኳን አላምንም፤ እጄን አፍንጫቸው ሥር አድርጌ ነበር የማየው። እንዲህ ያለ ፈሪ ሰው ሞት ደጃቸው የቆመ ሰዎችን ሲያስታምም ኖረ ቢባል ሥራውን ለማያውቅ ሰው ሳቅ ነው።

ሥራችን ማዳን አልነበረም። ሐኪም "ከእንግዲህ ይህንን በሽታ ማዳን አልችልም" ያለውን ሰው ሕመሙ እንዲቀልለት፣ ቁስሉ እንዳይሸት፣ ቤተሰቡም እንዳይደናገር ማድረግ ነው። በወረቀት ላይ የማስታገሻ ሕክምና ይባላል። የገጠሩ ሰው "የማስታመሙ ሥራ" ይለዋል፤ እኔም ይህኛው ይሻለኛል።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ቡሬ ጤና ጣቢያ ልብስ አጣቢ ሆኜ ነው። አለቃዬ አቶ መኳንንት ሳሙናን ከወርቅ አስበልጠው የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። አንሶላ በአመድ ውሃ ማንጻትን ከእሳቸው ተማርኩ። ደመወዙ ልጅ ለማሳደግ አይበቃም ነበር፣ ግን ልጆቼ አድገዋል፤ ከዚያ በላይ ስለ ደመወዝ የምለው የለኝም። ኋላ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተዛውሬ የሴቶች ክፍል ጽዳት ላይ ተመደብኩ። ሲስተር ውዴን ያገኘኋት እዚያ ነው።

ሲስተር ውዴ የማስታገሻ ሕክምና ኃላፊ ነርስ ነበረች። አንድ ቀን የመድኃኒት ጠርሙስ ወደ መደርደሪያ እንድመልስ ሰጠችኝ። ክዳኑን አጠበቅኩ፣ ጥቂት ተራምጄ እንደገና አጠበቅኩ፣ መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ደግሞ ዞሬ አየሁት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ያ ጠርሙስ ምን አደረገሽ?" አለችኝ።

"እንዳይፈስ ብዬ ነው።"

"ከነገ ጀምሮ ከእኔ ጋር ገጠር ትወጫለሽ።"

"ሲስተር፣ ስድስተኛ ክፍል ነኝ እኮ።"

"መድኃኒቱን የምሰጠው እኔ ነኝ። አንቺ ጠርሙሱን ትይዣለሽ፣ የእንጨት ድልድይ ስሻገር ደግሞ እኔን ትይዣለሽ። ሁለታችንንም ካልጣልሽ ይበቃል።"

እውነትም ድልድይ ትፈራ ነበር። ወንዝ ዳር ስንደርስ ዓይኗን ጨፍና ነጠላዬን ከኋላ ትይዛለች። "ደረስን?" ትላለች፤ እኔም ገና ግማሽ ላይ ሆነን "ደርሰናል" እላታለሁ። በሥራዋ ግን የማትፈራው ነገር አልነበረም። በሽተኛው ቤት ከመግባቷ በፊት የእጅ ሰዓቷን ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። "ሰዓት የሚያይ ሰው ፊት ማንም የልቡን አይናገርም" ትል ነበር። እጇን ብብቷ ውስጥ አድርጋ ሳታሞቅ የሰው ገላ አትነካም። "እንዴት ዋሉ?" ብላም አትጠይቅም፤ የእኛ ሰው "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ ይዘጋዋላ። "ዛሬ የከበደዎት የቱ ነው?" ነበር የምትለው። ይህኛው ጥያቄ በር ይከፍታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዷ ግን በርጩማው ነው። ገጠር ለእንግዳ መደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፋል፤ እንቢ ማለት ነውር ነው። አጎዛው ላይ ከተቀመጡ ደግሞ ከበሽተኛው ከፍ ብለው ነው። መሬት ላይ መቀመጥ አይቻልም፤ መሬት የሚቀመጠው ሐዘንተኛ ነው፣ ቤተሰቡ ይደነግጣል። ስለዚህ ሲስተር ውዴ መጀመሪያ አጎዛው ላይ ተቀምጣ የቀረበላትን ትቀምሳለች፣ ትመርቃለች፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ትጠይቃለች። ከዚያ "በርጩማ ብታመጡልኝ?" ትላለች። በርጩማዋን አልጋው አጠገብ ታስጠጋና ከትራሱ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች። ከባድ ነገር የምትናገረው ከዚያ ሆና ብቻ ነው።

ቋሪት ገበዝ ማርያም ያለች ታላቅ እህቴን ጥሩነሽን ለመጠየቅ በሄድኩ ቁጥር እነዚህን ወሬዎች አጫውታታለሁ። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ "እትዬ" ነው የምላት። የበርጩማውን ነገር ስትሰማ፣ "እንግዲያውስ እኔ ቤት በርጩማ አላስቀምጥም! ያቺ ሴትዮሽ ብትመጣ ቆማ ትመለስ" ብላ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ "ባለ በርጩማዋስ ደህና ናት?" ብላ ነው።

እኔም ብዙ ተማርኩ። የካንሰር ቁስል ሲሸት በሽተኛው የሚያፍረው ከሕመሙ በላይ ነው፤ ልጆቹ እንኳ ከበር ላይ ሆነው ያናግሩታል። ሲስተር ያዘዘችውን ኪኒን ፈጭቼ ቁስሉ ላይ እነሰንሳለሁ፤ ከአልጋው ሥር በሰፌድ ከሰል አስቀምጣለሁ፤ ከሰሉ ሽታ ይስባል። በማግስቱ የልጅ ልጆቹ አልጋው ላይ ወጥተው ስናገኛቸው ሲስተር ትጠቅሰኛለች። አፉ የደረቀን ሰው ውሃ በነካ ንጹሕ ጨርቅ ማርጠብ፣ ጀርባው እንዳይቆስል ማገላበጥ፣ የሕመም ማስታገሻው ሽሮፕ ሆድ ስለሚያደርቅ ቀድሞ ተልባ ማስለመድ፤ ይህ ሁሉ የእኔ ድርሻ ነበር።

ስሕተትም ሠርተናል። አንድ ጊዜ ከፍኖተ ሰላም የሚነሳ መኪና በጠዋት አገኘንና ገና ሳይነጋጋ አንድ ቤት ደረስን። እኛ ሁለት፣ መንገድ ያሳዩን ሽማግሌ ሦስተኛ። ነጠላችንን ተከናንበን ደጅ ቆመን "እንደምን አደራችሁ" አልን። በአገራችን መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ተሰባስበው በሚመጡ ሰዎች ነው። የቤቱ እመቤት ባየችን ጊዜ "ልጄን!" ብላ መሬት ላይ ወደቀች። ልጇ ሩቅ አገር ሠራተኛ ነበር። ጎረቤት ተጠራርቶ መጣ፤ ልቅሶው ደራ። በሽተኛው ባሏ ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ "ኧረ እኔን ሊያዩ ነው የመጡት! እኔ ነኝ የምሞተው!" እያለ ይጮሃል። ኋላ ሁሉም ሳቁ፤ ሴትየዋ ግን ልጇ ስልክ አንሥቶ ድምፁን እስኪያሰማት ድረስ አላመነችንም። ሲስተር ውዴ ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ሳይሞቅ የማንንም ደጅ አልረገጠችም።

ይህኛው በሳቅ አለቀ። በሳቅ ያላለቀውን ደግሞ ልናገር።

ከቡሬ ወጣ ብሎ እማ ዓለምነሽ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። የጡታቸው ካንሰር ወደ አጥንታቸው ዘልቋል። ክረምት ነበር፣ ፍልሰታ። ባጃጁ ጭቃው ጋ ሲደርስ አልሄድም አለ፤ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ሄድን። ሲስተር የሞርፊን ሽሮፑን ሰጠች፤ በየአራት ሰዓቱ እንዲወስዱ፣ ሕመሙ እስኪመጣ እንዳይጠብቁ ለልጃቸው ለአበባ ነገረቻት። አበባ "እሺ" አለች። እማ ዓለምነሽም "እሺ፣ እግዜር ይስጥልን" አሉ። እኔ የመለኪያውን ክዳን እያሳየሁ "እስከዚህ ብቻ" አልኩ። "እሺ" አሉኝ። ደስ ብሎን ተመለስን።

እማ ዓለምነሽ ለካ ጿሚ ናቸው። ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ እንኳ በአፋቸው አይዞርም፤ ሽሮፑ ደግሞ ይጣፍጣል። ቀኑን ሙሉ ጥርሳቸውን ነክሰው በሕመም ይውላሉ። ቅዳሴ ሲወጣ፣ የታዘዘው እንዳይጎድል ብለው የዋለውን ሁሉ አንድ ላይ ይጠጡታል። አንድ ቀን እንቅልፍ ጣላቸው፤ ቢጠሯቸው አልሰሙም። ቤተሰቡ ሞቱ ብሎ ደነገጠ። ሲነቁ ወንድማቸው ጠርሙሱን አውጥቶ ማሳ ዳር ደፋው።

እኛ ስንመለስ ወንድምየው አጥሩ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። "እህቴን በእንቅልፍ ልትወስዱብኝ ነው" አለ። ሲስተር ለመነችው። ምን እንደሆነም ጠይቃ ከአበባ ሰማች፤ "አወሳሰዱ ነው፣ ይስተካከላል፤ ግቡ በሉኝ ብቻ" አለችው። አላስገባንም። ዝናብ እየዘነበብን አጥሩ ሥር ቆምን፤ ከውስጥ እማ ዓለምነሽ ሲያቃስቱ ይሰማል። ሌላ ቀንም ሄድን፤ በሩ አልተከፈተም። ፍልሰታ ሳይፈታ ሞቱ። ሕመማቸው እስከ መጨረሻው አብሯቸው ነበር።

በሩ ያልተከፈተልን ቀን ቡሬ መገንጠያው ላይ መኪና ስንጠብቅ አንዲት ሴት ቆሎ ሸጠችን። ሲስተር ውዴ ቆሎውን በእጇ እንደያዘች ፀሐይዋን አየች፤ ጾም የመፍቻው ሰዓት ገና ነበር። ቆሎውን ወደ ቦርሳዋ ከተተችና፣ "ብርቄ፣ እኛም እኮ ጾመን ነበር የሄድነው" አለችኝ። ሁለታችንም አፋችንን አስረን፣ ሆዳችን እየተንጫጫ፣ እንደኛው ለሚጾሙ ሴት "በየአራት ሰዓቱ ይጠጡ" ስንል አንዳችንም "ጾሙስ?" አላልንም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከተቀመጥኩበት ያስነሣኛል።

ከዚያ በኋላ አሠራራችን ተለወጠ። ሲስተር ውዴ "እሺ ካሉን ገና አልጀመርንም ማለት ነው" የምትል ሆነች። የእኛ ሰው እንግዳ ላለማሳፈር እሺ ይላል፤ እሺ ማለት "ሰምቻለሁ፣ በሰላም ሂዱ" ነው። ስለዚህ "እኔ በሽተኛ ልሁን፣ አንቺ አጠጭኝ" እያልን እናሠራቸዋለን። መቼ እንደሚነሱ፣ መቼ እንደሚቀምሱ፣ መቼ እንደሚጸልዩ እንጠይቃለን። ከሁሉ አስቀድመን ግን የነፍስ አባታቸው ቤት እንሄዳለን። የአንዲት በሽተኛችን ነፍስ አባት፣ አባ ይትባረክ፣ ጉዳያችንን ሲሰሙ ጢማቸውን እየደባበሱ፣ "መድኃኒት ጾም አይሽርም፤ ይህን እናንተ ብትነግሯት አትሰማችሁም። እኔ ብነግራት ደግሞ ነገ 'አባ፣ ቅቤውስ?' ትለኛለች" አሉን። ግን ከእኛ ጋር ሄዱ። የመጀመሪያውን መጠን በእጃቸው ባርከው አጠጧት፤ ሴትየዋም ያለ ሕመም ነው የሞተችው።

ሲስተር ውዴ ከእኔ ቀድማ ጡረታ ወጥታ ባሕር ዳር ልጇ ዘንድ ገባች። እኔ ከወጣት ነርሶች ጋር ቆየሁ። መንገድ የሚዘጋበት ሰሞን መጣ፤ መድኃኒቱ የሚደርስበት ቀን የማይታወቅበት፣ ገጠር ያለ በሽተኛ እየጠበቀን መሄድ ያልቻልንበት። ያኔ የስልክ ጥሪ ሁሉ ያስደነግጠኝ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የጡረታ ቀኔ ደረሰ።

ጋዋኔን ካስረከብኩ ብዙም ሳይቆይ የእህቴ የጥሩነሽ ልጅ ጌትነት ቤቴ መጣ። ቆጋ መስኖ ላይ ሽንኩርት ያለማል፤ እጁ ገና አፈር ነበር። እናቱን ሆዷን ስለሚያማት ባሕር ዳር ወስዷት፣ ሐኪሙ ለብቻው ጠርቶ ነግሮታል። ጉበቷ ላይ ነው፣ ተሠራጭቷል፣ የሚደረግ ነገር የለም።

"እማ አታውቅም" አለኝ። "የጨጓራ ነው ብለናታል። ሐሙስ መኪና ተኮናትረን ጠበል ልንወስዳት ነው፤ በእሷ ምኞት።"

"የት ያለውን ጠበል?"

ነገረኝ። ሁለት ቀን የሚያስኬድ፣ ግማሹ ኮረኮንች የሆነ መንገድ ነው።

"ጌትዬ፣ ይህንን መንገድ አትችለውም። መንገድ ላይ ብትቀርስ?"

"ከተነገራት ትሰበራለች፣ አክስቴ። ተስፋ ይዛ ትሂድ። አደራ፣ እንዳትነግሪያት።"

"እሺ" አልኩት። የጎጃም ልጅ ነው፤ እሺ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ነበረበት።

ማክሰኞ በጅጋ በኩል ገበዝ ማርያም ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ስነሣ ስቀመጥ፣ ረዳቱ "እናት፣ ወንበሩ ይቆረቁራል እንዴ?" ብሎኛል። ሰው ቤት ስገባ ሲስተር ውዴ ነበረችልኝ፣ ቦርሳው ነበረልኝ፣ ጋዋኑ ነበረልኝ። አሁን እኔው ብቻ ነኝ፤ በሽተኛዋም እህቴ። ዝም ብል መኪናው ሐሙስ ይመጣል። ልናገር ብል ደግሞ ጌትነት እንዳለው ብትሰበርስ?

እትዬ አልጋዋ ላይ ተደግፋ አገኘኋት። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፤ ሆዷ ተነፍቷል። ልጇ ሙሉ መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፈችልኝ። ቀመስኩ፣ መረቅሁ። ስለ ስንዴው ጠየቅሁ፤ ሊታጨድ ደርሷል። ከዚያ ተነሣሁ። የእንስራውን ክዳን አየሁ። ሙሉ የጠረገችውን ቤት እንደገና ጠረግሁ። ብርድ ልብሱን አጣጠፍኩ፣ ፈታሁት፣ ደግሞ አጣጠፍኩት። እትዬ ከአልጋዋ ሆና በዓይኗ ትከተለኛለች።

"ብርቄ፣ ቤቴን ልትገዢው ነው እንዴ እንዲህ የምትዞሪው?"

"ኧረ እትዬ፣ ዝም ብዬ ነው።"

"ዝም ብለሽማ አይደለም። ባለ በርጩማዋስ ደህና ናት?"

"ደህና ናት። ባሕር ዳር ገብታለች።"

ወደ ውጭ፣ ወደ ስንዴው ማሳ አየች። ከዚያ ልጇን ጠራች።

"ሙሉ፣ ለአክስትሽ በርጩማ አምጭላት።"

"እማ፣ አጎዛ አንጥፌላት የለም እንዴ? በርጩማ ደግሞ ከየት አመጣለሁ?"

"ኸጎረቤት አምጭላት።"

ሙሉ ወጣች። በርጩማው መጣ። ከትራሷ አጠገብ አስጠግቼ ተቀመጥኩ። እጄን ብብቴ ውስጥ አሞቅሁና እጇን ያዝኩ።

"ሐኪሙ ለጌትነት የነገረው ነገር አለ፤ እሱ እንዳልነግርሽ ለምኖኛል። ልንገርሽ ወይስ ይቅርብሽ?"

"በርጩማውን ለምን ያስመጣሁ መሰለሽ?"

ነገርኳት። ጉበቷ መሆኑን፣ መሠራጨቱን፣ ሐኪም ማዳን እንደማይችል። ሙሉ ምሰሶውን ይዛ ታለቅሳለች። እትዬ አላለቀሰችም።

"ጠበሉስ?"

"የእግዚአብሔርን ሥራ አላውቅም፣ እትዬ። መንገዱን ግን አውቀዋለሁ። መንገዱ ይጎዳሻል። መንገድ ላይ ልትቀሪ ትችያለሽ።"

"ስንዴው እስኪገባስ እቆያለሁ?"

"አላውቅም።"

"ያለወትሮሽ አላውቅም ማለትን ኸየት አመጣሽው?"

"ከሲስተር ውዴ።"

ፈገግ አለች። ዓይኗን ጨፍና ቆየች፤ እኔም ልማዴ ነውና እጄን ወደ አፍንጫዋ ሥር ላደርግ ሳስብ ዓይኗን ገለጠች።

"ሙሉ፣ ለመኪናው ሰውዬ ደውይና ሐሙስ እንዳይመጣ በይው። ጠበል ከደብራችን ያመጡልኛል። ለጌትነትም ደውይ፤ ሽንኩርቱን ለሰው ሰጥቶ ይምጣ።"

ሕመሙን የሚያስታግስ መድኃኒት እንዳለ፣ በየአራት ሰዓቱ እንደሚወሰድ፣ ነገ ከሆስፒታላችን ነርስ ጋር ይዤ እንደምመጣ ነገርኳት።

"እሺ" አለች።

"እትዬ፣ እሺሽን አልቀበልም። የነቢያት ጾም እየገባ ነው፤ ትጾሚያለሽ ወይ?"

"መቼ ገድፌ አውቃለሁ?"

"እንግዲያው መጀመሪያ የነፍስ አባትሽን እንጥራ፤ አንድ ላይ ሆነን እንነጋገርበት።"

"ጥሪያቸው።"

ሙሉ ቄሱን ልትጠራ ነጠላዋን ለበሰች። በርጩማውን አንሥታ፣ "እግረ መንገዴን ለጎረቤት ልመልሰው" አለች።

እትዬ እጇን ዘርግታ ያዘችው። "እዚሁ ይቆይ" አለች። "ጌትነት ሲመጣ እሱ ይቀመጥበታል። እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።"